የኢንዛይሟ ዶክተር

ባሌ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ከበሽታው እኩል ያንገበገበችኝ አንዲት ፋርማሲስት ናት።

ሕመሙ የጀመረው ሽንቱን ሲያቃጥለው ነው። ባሌ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ሽንቱን ይዞ መዋል ለምዷል። ክሊኒክ የታዘዘለትን ኪኒን ዋጠ፤ አልተሻለውም። ሌላ ቀየሩለት፤ ባሰበት። ፒዮሪያ መንገድ ላይ ባለችው ሱቄ ደንበኛ እያስተናገድኩ ሳለ ደወለና "ብርድ ብርድ ብሎኛል፤ መንዳት አልቻልኩም" አለኝ። ሱቁን ዘግቼ ፓርክ ካደረገበት አነሳሁት። ኢመርጀንሲ ስንደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ኢንፌክሽኑ ኩላሊቱ ደርሷል ብለው አስተኙት።

የላብራቶሪ ውጤቱ ሲመጣ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ነው ተባለና በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲያ ቢጫ ጋውንና ጓንት ሳላደርግ የገዛ ባሌ ዘንድ መግባት ቀረ።

ፋርማሲስቷ የመጣችው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ እዚህ አሜሪካ የተማረች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ገና "እንደምን ዋሉ ጋሼ?" ስትለው ባሌ ከትራሱ ቀና አለ። እኔ ስገባ ቀና ብሎ አያውቅም።

"ጋሼ፣ ኪኒኖቹ ለምን እምቢ እንዳሉ ልንገርዎት" አለችና አውራ ጣቷንና ጠቋሚ ጣቷን አገናኝታ ክብ ሠራች። "መድኃኒቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀለበት አለ፤ ኃይሉ እሱ ነው። እርስዎን የያዘዎት ባክቴሪያ ግን ኢንዛይም ይሠራል። ኢንዛይሙ ቀለበቱን ይበጥሰዋል።" ጣቶቿን አላቀቀች። "ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ከንቱ ነው።"

"ኢንዛይሙስ? በዚያው ያልቃል?" አላት።

"አያልቅም። አንዱን በጥሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። አሁን በደም ሥርዎ የምንሰጥዎትን ግን መበጠስ አይችልም።"

አፉን ከፍቶ ይሰማታል። እኔ የሱቁን ነገር ሳወራለት ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ሁሉ እሷ ሆነች። ዘመድ ሲደውልለት "ዶክተሯ እንዳለችው" ብሎ ይጀምራል። ባክቴሪያዎቹ የኢንዛይሙን አሠራር አንዱ ለሌላው እንደሚያቀብሉ ለወንድሙ ሲያስረዳ ፊቱ ይበራ ነበር። እኔ ደግሞ "የኢንዛይሟ ዶክተር ዛሬም መጣች?" እያልኩ እነካካው ጀመር፤ እሱ በቀልድ ያልፈኛል። ሲብስብኝ ኩል ተኩዬ፣ ለዒድ ያሰፋሁትን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። በሩ ላይ ያን ቢጫ ጋውን ሳጠልቅ ቀሚሱ የት እንደገባ ጠፋ። ልጃችን አየችኝና "ማሚ፣ ጄለስ ነሽ እንዴ?" ብላ ሳቀች። ተቆጣኋት።

አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ቆሜ ጓንት ሳጠልቅ ከውስጥ ሰማሁት።

"ዶክተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይገድለኛል?"

የማላውቀው ቀጭን ድምፅ ነበር። የአባቱ መርዶ ሲመጣ እንኳ እንዲያ አልተናገረም።

"ትኩሳትዎ ወርዷል ጋሼ፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው" አለችው ቀስ ብላ። "መፍራት ደግሞ ነውር አይደለም።"

አልሐምዱሊላህ ማለት ሲገባኝ ከፋኝ። ሳቁን ብትወስድ ግድ የለኝም ነበር፤ ፍርሃቱ ግን የኔ ነው። እዚህ አገር ስንገባ ስንት ነገር አብረን ፈርተናል።

እሷ ስትወጣ ሰላምታዋን በአንገቴ ብቻ መልሼ ገባሁ።

"ለሷ ፍርሃት፣ ለኔ ቀልድ?" አልኩት።

ሊክድ ቃጣና ተወው። "አንቺ ከፈራሽ እኔ ማን ላይ ልደገፍ? እሷማ ሥራዋን ጨርሳ ቤቷ ትሄዳለች።"

መልሱ ደግ ነበር። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም።

ዲስቻርጅ አድርገው ወደ ቤት ሲልኩት መድኃኒቱ ቤት እንዲቀጥል ክንዱ ላይ ቀጭን ቱቦ ተደረገለት። አሰጣጡን ልታስረዳኝ የመጣችው እሷው ናት። ላፋጥጣት ብዬ "ይህንን መድኃኒትስ ኢንዛይሙ ቢበጥሰው?" አልኳት።

"የሚበጥስ ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች አሉ፣ እትዬ" አለችኝ። "የጋሼ ግን ተመርምሯል፤ እንደነሱ አይደለም። ይልቅ እጅዎን በደንብ ይታጠቡ፣ አንድም ቀን አይዝለሉበት።"

አላባበለችኝም። ወደድኳት፤ በመውደዴም ተናደድኩ።

ቤት ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት መድኃኒቱን ከቱቦው አገናኝቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። መድኃኒቱ አልቆ ቱቦው ከወጣለት በኋላ አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ "ያቃጠለኝ መሰለኝ። ፈራሁ" አለኝ። ለኔ ነው ያለው። ደነገጥኩ፤ ግን ወላሂ፣ ደስም አለኝ።

"ዶክተሯን እንጠይቃት እንዴ?" አለ ወዲያው።

"ቁጥሯ አለህ?"

"የፋርማሲው ነው" አለና ዓይኑን ሰበረ።

ስልኩን ተቀብዬ ራሴ ደወልኩ። ዛሬውኑ ይመርመር አለችኝ። ተመረመረ፤ ንጹሕ ነበር። መልካሙን ዜና የነገርኳትም እኔ ነኝ። አጠገቤ ቆሞ "እስቲ እኔም ላመስግናት" እያለ እጁን ሲዘረጋ፣ ምስጋናውን አድርሼለት ስልኩን ዘጋሁ።