ምንም ነገር እንዳይለወጥ

ጎረቤቴ ኤርሲሊያ የከተማችንን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። እዚህ ደቡብ ኢጣሊያ ተራራችን ላይ የተወለደ ልጅ ሁሉ በእሷ መኪና ተመላልሶ ነው ያደገው፤ እሷ ግን አልወለደችም። ባሏ ዶናቶ ቆላው ላይ ባለ የመኪና ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ከሐኪም ሐኪም ሲንከራተቱ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከውጭ አገር ልጅ በጉዲፈቻ ለመውሰድ አመለከቱ።

ከቡልጋሪያ ጥሪ የመጣላቸው በግንቦት ነው። ሄደው ፕላመን ከሚባል የስድስት ዓመት ልጅ ጋር ሳምንት ያህል ሰነበቱ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከልጁ ጋር ትተዋወቃለህ፣ ከዚያ እዚያው ትተኸው ትመለስና ፍርድ ቤት እስኪወስን ትጠብቃለህ። ፕላመን ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ዶናቶ መናፈሻ ውስጥ ሲያንጎላጅ የሁለቱን እግር ጫማ ክር አንድ ላይ ቋጠረበት። ሰውየው ሲነሳ በግንባሩ ተደፋ፤ ልጁም ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የመሰናበቻው ቀን በአስተርጓሚዋ በኩል፣ «መቼ ነው የምትመጡት?» ሲል ጠየቀ።

«በረዶ ሳይጥል» አለችው ኤርሲሊያ።

አስተርጓሚዋ ወዲያው አልተረጎመችም። «እመቤቴ፣ እንዲህ አይባልም። እነዚህ ልጆች ቃል አይረሱም።»

«ግድ የለም፣ ንገሪልኝ።»

ነገረችው።

ሲመለሱ ጉዳያቸውን የያዘችው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሚሬላ አስጠነቀቀቻቸው። «እስኪፈረድ ድረስ ምንም ነገር እንዳይለወጥ። ቤታችሁ፣ ሥራችሁ፣ ጤናችሁ፣ አብሯችሁ የሚኖረው ሰው፣ ሁሉም ፍርድ ቤቱ እንደሚያውቀው ይቆይ። አንዱ ከተለወጠ ስለ ኑሯችሁ የተጻፈው ጥናት እንደገና ይሠራል፤ ቀጠሮውም ይገፋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልና ሚስቱ ፎቶ ሊነሱ ቆመው ትንፋሻቸውን የያዙ ሰዎች መሰሉ። ዶናቶ ሰሜን አገር የተሻለ ሥራ ተገኝቶለት እምቢ አለ። ኤርሲሊያ ራሷን እያመማት ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ ምን ይጽፉብኝ ይሆን ብላ። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ስለማትሄድ የእህቷ ልጅ ክርስትና እንኳ ቀረባት።

ሥጋ ሻጩ ሳቬሪዮ አንድ ቀን ሰው ፊት፣ «ምነው ኤርሲሊያ፣ ልጁ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» አላት።

«አንተ ሥጋ ስትቆርጥ በምትፈጥነው ፍጥነት ነው የሚመጣው» አለችው። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ።

እኔ ቤት ገብታ ስትቀመጥ ግን፣ «ቪታ፣ እርጉዝ ማለት እኮ ነኝ። ግን የሚገፋ ሆድ የለኝ፣ ቀኑ አይታወቅ። ባለቅስ እንኳ አልተረጋጋችም ይሉኛል» አለችኝ።

በመከር ወይራ ሲለቀም የዶናቶ አባት ካኒዮ ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሽማግሌው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እርሻው ላይ ብቻውን የሚኖር ግንበኛ ነው። ሆስፒታሉ ሊያስወጣው ሲል ሐኪሙ ብቻውን መኖር እንደማይችል ተናገረ። ዶናቶ ወንድምም እህትም የለውም።

እኔ መላ አመጣሁ። «እኔ ቤት ይተኛ። የሚለየን ግድግዳ ነው። ማን ያውቃል?»

ዶናቶ ዓይኑ በራ። ኤርሲሊያ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ነገ ልጁ መጥቶ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ሰው ቢናገርብንስ? በር በተንኳኳ ቁጥር ልሸበር ነው? አይሆንም።» ሽማግሌውን ቤታቸው ሊያስገቡት መሆኑን ራሷ ደውላ ለሚሬላ ነገረቻት። መልሱም የፈሩት ሆነ፤ ጥናቱ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ቀጠሮው ወደ ጸደይ ይሻገራል።

ካኒዮ ይህን ሲሰማ ልብሱን ለመልበስ ታገለ። «ወደ እርሻዬ መልሱኝ። ልጁ ይቅደም» አለ።

«አባባ፣ አርፈው ይተኙ» አለችው። ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ በረዶ ጣለ። ኤርሲሊያ መስኮት ላይ ቆማ ስታየው አየኋት። ጠዋት ጎማው ላይ ሰንሰለት አስራ ልጆቹን ታደርሳለች፣ ቤት ገብታ ሽማግሌውን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። እሱን ባየችው ቁጥር ልጁን የከለከላትን ሰው ታያለች። መውጫ አልነበራትም፤ ትቶ መሄድም ሆነ መጮህ ፋይሉ ላይ ይጻፋል።

አንድ ቀን የሽምብራ ሾርባ ስታቀርብለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ካኒዮ ቀመሰና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ኤርሲሊያ፣ ከጠላሽኝ በአፍሽ ንገሪኝ። በጨው አትንገሪኝ።»

እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጠልቼዎታለሁ አባባ። ካወቁት እንግዲህ።»

«እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ራሴን እጠላ ነበር» አለ ሽማግሌው። «አሁን ያን ሾርባ ለቪታ ስጫት፤ እሷ መሬት የወደቀ እንኳ ትበላለች።»

ኤርሲሊያ ሳቀች። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲለወጥ ካኒዮ እጇን ያዛት፤ እኔም ሾርባዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ሁለቱ እስረኞች ይነጋገሩ ጀመር።

ጥሪው የመጣው በመጋቢት ነው። ኤርሲሊያ አውቶቡሱን ሞልታ ጠመዝማዛውን መንገድ ስትወርድ ስልኳ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ። እየነዱ ማንሳት ክልክል ነው፣ መንገዱም መቆሚያ የለውም፤ ባንድ በኩል ገደል በሌላው በኩል አለት ነው። ጮኾ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። ልጆቹ ከኋላ ይዘፍናሉ። ክፉ ወሬ ነው ብላ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ፤ ደግ ወሬ እንዲህ አይቸኩልም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቹን አንድ በአንድ አውርዳ፣ በሩን ዘግታ ደወለች። ተፈርዶላቸዋል።

ዶናቶና እሷ ቡልጋሪያ ሲደርሱ ፕላመን ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። አስተርጓሚዋ ጎንበስ ብላ አዳመጠችና፣ «በረዶው ጥሎ ቀለጠ፣ ይላል» አለች።

ኤርሲሊያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እውነቱን ነው። የማላውቀውን ቃል ገባሁለት። እንዲህ በይልኝ፤ ሌላ አትጨምሪ።»

ፕላመን አልወጣም። እሷም አልተነሳችም። ዶናቶ ወጥቶ ገባ፣ ሻይ ተጠጣ፣ የተቋሙ ሰዎች ሰዓታቸውን ያዩ ጀመር። በመጨረሻ ልጁ ሽንት ቤት መሄድ ግድ ሆነበትና ወጣ። ሲመለስ ጠረጴዛው ሥር አልገባም፤ ከእሷ ራቅ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በማግስቱ ይዘውት መጡ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ፕላመን የመጀመሪያውን በጋ ዳቦ አልጋው ውስጥ እየደበቀ፣ ተቆጥተውት እንደሆነ ለሳምንት እየዘጋቸው አሳለፈ። ኤርሲሊያን «ማማ» ብሎ የጠራት ተናዶ ነው፤ «ማማ፣ ተይኝ!» ብሎ። እሷም ተወችው፤ እኔ ቤት መጥታ ግን ሦስቴ ደጋግማ ነገረችኝ።

ከሰው ሁሉ የተስማማው ከካኒዮ ጋር ነው። ሽማግሌው መራመድ ስለማይችል፣ ልጁም ከቤት መውጣት ስለማይወድ፣ ቀኑን ሙሉ ካርታ ሲጫወቱ ይውላሉ። ትናንት በግድግዳው በኩል ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

«አንተ ሌባ፣ ንጉሡን እጅጌህ ውስጥ ከተትከው!»

«ዓይንህ ነው የፈዘዘው፣ አያቴ» ይላል ፕላመን፣ በእኛው በተራራ ሰዎች አነጋገር።

ብቅ ስል ኤርሲሊያ ሰሃን ታጥባለች። ስልኳ አሁንም እንደዚያ እንደ ጥበቃው ጊዜ ግድግዳውን ተደግፎ ከፊቷ ቆሟል። «ከእንግዲህ ማን ይደውልልሻል?» ስላት፣ «ማንም» አለችኝና እጇን አድርቃ መልሳ አየችው።