ደጅ ተሳላሚው

መጀመሪያ የሐምራዊትን ዓይን የሳበው በአንድ ሽማግሌ ግንባር ላይ የቀረው ቀይ የጡብ አቧራ ነው። ከዴልፍት አምስተርዳምን ልትጎበኝ መጥታ በትልቁ ሙዚየም ቅስት ሥር አረፍ ብላለች። እሳቸው ካፖርታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተዋል። ረጃጅሞቹን ማማዎች ሲያዩ ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ኖሮ፣ ግድግዳውን ተሳልመው ቀና ማለታቸው ነበር። ብስክሌተኞች እያቃጨሉ በጎናቸው ያልፋሉ።

«አባዬ፣ ሙዚየም ነው እኮ! ውስጡ ያለው ሥዕል ነው» አለች ልጃቸው ክንዳቸውን እየሳበች። «ጠዋት ባቡር ጣቢያውን ሳምክ፣ አሁን ደግሞ ይሄን። ሰው እያየህ ነው።»

«ይየኝ። ከሥዕሎቹ መሀል እመቤታችን የለችም?»

«አለች፤ ግን እንደሱ አይደለም።»

«እንግዲያ ቤቷ ነዋ!»

ልጅቱ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ነገ ኦፕራሲዮን ልትገቢ ነው። አንቺ ልታዘናጊኝ ከተማ ታዞሪኛለሽ። እኔ ከሐኪሞቹ ጋር በምን አፌ ላውራ? የማውቀው ደጅ መሳለም ነው። ታዲያ የቱን በር ዘልዬ ልለፍ?»

ልጅቱ ከትከሻቸው የተንሸራተተውን ነጠላ ቀስ ብላ አስተካከለችላቸው። ሐምራዊት «እግዜር ይማርሽ» ልትላት ቃጥቷት፣ አፍራ ተወችው።

አባትና ልጅ ተደጋግፈው ከሙዚየሙ ፊት ያለውን የውሃ ቦይ ተሻገሩ። ማዶ አንድ ባለ ሾጣጣ ጣሪያ ሕንፃ አለ፤ ባንክ ይሁን ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ አይለይም። እዚያ ሲደርሱ ቀድማ የቆመችው ልጅቱ ነበረች። እስኪሳለሙ ጠበቀቻቸው፤ ከዚያም በመታጠፊያው ተሰወሩ።