«ኅብረተሰቡ» ብዬ የጻፍኩ ዕለት

ልጅ ሳለሁ በፎገራ ሜዳ ላይ ሲመሽ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ የኩበት ጭስ ነበር። ሜዳው ዛፍ የለውም፤ ጭሱ ዓይን ቢለበልብም ትንኝ ያባርራል እየተባለ ማንም አያማርርበትም። እኛ የሰፈሩ ልጆች እራት እስኪደርስ የምንሰበሰበው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ደሴ ደጅ ላይ ነበር። ያኔ አያ ደሴ ፍሙን በእንጨት ገለጥ ያደርጉና ኩራዙን ከነፋስ ከልለው ጨዋታ ይጀምሩልናል።

የቀበሮና የጅብ ተረት ያውቃሉ፤ ግን ካልለመንናቸው አይነግሩንም። እሳቸው የሚወዱት የትምህርት ቤታችንን ታሪክ ነው። ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለት ጊዜ የርብ ወንዝ ሙላት እንደወሰደው፣ ጥቁር ሰሌዳው ሦስት ማሳ አልፎ ጭቃ ውስጥ ተደፍቶ እንደተገኘ፣ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎች ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ ደጅ ለደጅ እንደዞሩ ይተርኩልናል። ጉብታ ያለው ሁሉ በክረምት ከብቱን የሚያቆምበት ስለሆነ የሚሰጥ ጠፋ። በመጨረሻ የሰጠችው ሸክላ ሠሪዋ ይታይሽ ናት፤ የምትሠራበትን አፈር የምትቆፍርበትን ጉብታ።

«‹ቡዳ ናት ስትሉኝ ኖራችሁ፤ እንግዲህ ልጆቻችሁን እጉያዬ ልታስቀምጡ ነው› አለችና ሳቀች» ይሉናል አያ ደሴ። «ከሽማግሌዎቹ ግን የሚስቅ ጠፋ። ሁሉም መሬት መሬት አየ።»

እኛ እዚህ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እንስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ አፈሩን ከወንዝ ማዶ በጀርባዋ እያመላለሰች እንደኖረች ሲነግሩን ግን ሳቃችን ቶሎ ይበርድብናል። እሷን «እትዬ ይታይሽ» ብለው የሚጠሯት አያ ደሴ ብቻ ነበሩ። እኛ ልጆቹ እንኳ፣ በዕድሜ እናታችንን የምታክለውን ሴት፣ «አንቺ» እንላት ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ለትምህርት ቤታችን በዓል ከወረዳ እንግዶች ሊመጡ ሆነ፤ መምህራችንም የትምህርት ቤቱን ታሪክ ጽፌ እንዳነብ አዘዙኝ፤ የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ከአያ ደሴ የሰማሁትን ምንም ሳላጎድል ጻፍኩ። አብራኝ የምትቀመጠው ጥሩዬ ግን በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበችው።

«የቡዳ መሬት ላይ ነው የምንማረው ብለሽ እንግዳ ፊት ልታነቢ ነው?» አለችኝ። «ወይስ ዘመድሽ ናት?»

በዙሪያችን ያሉት ልጆች ሳቁ። «ዘመድሽ» ያለችው ፊቴን እሳት አስመሰለው። ቅጠሉን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ፤ ከሬዲዮ የሰማሁት ዓይነት አነጋገር መጣልኝ፦ «ኅብረተሰቡ ባደረገው ተሳትፎ የትምህርት ቤቱ ቦታ ተገኘ።» ለሕንፃው እንጨት ያዋጡትን አባወራዎች ግን በየስማቸው እንደጻፍኳቸው ተውኳቸው፤ አንዱ አያቴ ነበሩ። መምህሩ ከዓረፍተ ነገሬ ሥር በቀይ አስምረው «በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉበት።

በበዓሉ ቀን ይታይሽ ነጠላዋን አጥባ መጣች። እንደ ልማዷ ከሰው ራቅ ብላ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለካ አያ ደሴ «ዛሬ ስምሽ ይነበባል» ብለዋት ኖሯል። አነበብኩ። ቦታው የተገኘበት ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ እሷም አጨበጨበች። ሰው ሲበተን ወደ አያ ደሴ ቀረበች፤ እኔም ወረቀቴን እንደያዝኩ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ደሴ፣ የኔ የቱ ላይ ነበር? ጆሮዬ ነው መሰል፣ አለፈኝ።»

አያ ደሴ አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን አነሱልኝ።

«መኻሉ ላይ ነበር እትዬ። ጭብጨባው ዋጠው።»

«እንግዲያስ ደህና» አለች። ወደ እኔም ዞራ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ አያ ደሴ የትምህርት ቤቱን ታሪክ ነግረውን አያውቁም። ልጆቹ ሲጠይቋቸው፣ ሳይቆጡ፣ «እሱማ ተጽፏል፤ ከጻፈችው ጠይቁ» ብለው ወደ ቀበሮዋ ይሄዳሉ። ያኔ የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር። ለእኔ ሲሉ በዋሹት ማፈራቸውን የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ዛሬ ወረታ ውስጥ ቢሮ ተቀምጬ ሪፖርት እጽፋለሁ። «ኅብረተሰቡ» የማይልበት ሪፖርት የለም፤ ባየሁት ቁጥር ከቃሉ ኋላ የቆመ ሰው ያለ ይመስለኛል። በቅርቡ አላስችል ቢለኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በብሎክ ተሠርቷል፤ ጉብታው ግን ያው ነው። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የትምህርት ቤቱ ታሪክ በኮምፒውተር ተጽፎ ተሰቅሏል፤ የእኔ ዓረፍተ ነገር ፊደሉ ሳይለወጥ አለ። ለወጣቱ ርእሰ መምህር ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። ይከራከረኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን በእርጋታ ሰምቶኝ ወረቀት ሳበ።

«እናስተካክለዋለን እኮ፣ ምን ችግር አለው። ሙሉ ስማቸውን ይንገሩኝ።»

«ይታይሽ።»

«ይታይሽ ማን?»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እንጨት ያዋጡትን ከነአባቶቻቸው አውቃቸዋለሁ፤ የአያቴንማ እስከ ሰባት ትውልድ እቆጥራለሁ። የእሷን አላውቅም። ልጅ አልነበራት፤ እሷም አያ ደሴም ካለፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ርእሰ መምህሩ «ይታይሽ» ብሎ ጻፈና ከጎኑ ባዶ ቦታ ተወ።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን የዚያ ሰፈር አረጋውያንን ሳገኝ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ እስካሁን አላገኘሁም። የአያ ደሴን ትረካ ከነሳላቸው አስታውሰዋለሁ። ያን ሁሉ ምሽት እግራቸው ሥር ተቀምጬ ስሰማ ግን፣ «የማን ልጅ ናት?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።