አልተኛ ያለው መስመር

ትናንት ከሰዓት... የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ለማቅረብ ፈታኞች ፊት ቀረብን። ካልሠራ የዘንድሮ ምረቃ ቀረ ማለት ነው። አባዬ ደግሞ ውጤቱ ሳይታወቅ የባህል ልብሱን ዱንጉዛውን ለብሶ ከደጋው አገራችን ከገረሴ ወርዷል። ከፈተናው ክፍል ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ፕሮጀክቱ ቀላል ነው... ለሚያወራው። አንድ ጫፉ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ስስ የአልሙኒየም ቁራጭ አለ። ላዩ ላይ ፒዞ የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች ለጥፈናል። ብረቱን ስትመቱት አንዱ ንዝረቱን ይለካል፣ ሌላው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ወደ ተቃራኒው እየገፋ ያረጋጋዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚዘለው መስመርም ይተኛል።

መታሁት። ትልቁ ንዝረት ወዲያው ጠፋ። መስመሩ ግን አልተኛ አለ... ይርገበገባል።

«ቬንትሌተሩ ይሆናል፤ ይጥፋ» አልኩ። ጠፋ። የአርባ ምንጭን ሙቀት ታውቁታላችሁ... ፈታኞቹ በጽሑፋችን ማራገብ ጀመሩ። መስመሩ እንደዚያው ነው።

ላብ አጠመቀኝ። «ሽቦው ተገልብጦ ነው!» አልኩና፣ አብራኝ የሠራችው ዘነበች «ተው እንጂ!» እያለችኝ ገለበጥኩት።

ብረቱ ጮኸ! እንዲያረጋጋው የሠራነው ነገር ጭራሽ ያባብሰው ጀመር። በድንጋጤ ነቅዬ እንደነበረው መለስኩት። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ይሄኔ ዘነበች በጠረጴዛው ስር ጉልበቴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። መስመሩ... ጸጥ።

ለቀቀችኝ። መስመሩ ተነሳ። ያዘችኝ። ተኛ።

ስጨነቅ እግሬን የማርገብገብ አመል አለብኝ። ለካ ጉልበቴ ጠረጴዛውን ሲነቀንቀው ነው የቆየው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዋናው ፈታኝ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ታዲያ መሣሪያችሁ ያንተን እግር ለምን አላስቆመውም?» አሉኝ።

ይሄን እንኳ አውቀው ነበር። «ዶክተር፣ ያስተካከልነው ብረቱ ሲመታ ለሚኖረው ፈጣን ንዝረት ነው። የኔ እግር ቀርፋፋ ነው። ጠረጴዛውን ከነብረቱ ነው የሚነቀንቀው።»

«ጥሩ መልስ ነው። አልፋችኋል። በሉ አሁን ቬንትሌተሩን አብሩልን!»

ሮጬ ወጣሁ። አባዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ በሩን በሩን ያያል። ጉልበቱ ይርገበገባል... አጠገቡ የተቀመጡት ሁለት ሰዎችም አብረውት ይነቃነቃሉ።

ጉልበቱን ያዝኩት። «አባዬ፣ አልፌያለሁ።»

እግሩ ቆመ። እንባው ግን መጣ፣ የኔም መጣ።

ለካስ ንዝረቱ ከገረሴ ነው የወረደው!