በኤልሳ ስም የሰጠሁት ድምፅ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ፊት በቀረብኩ ቁጥር የማወጣው ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ቶሎ መቆጣቴን ነው። ቀለል ቀለል ያለውን እየመረጥኩ የምናዘዝ ሰው ነኝ፤ እሳቸውም ደግ ናቸው፣ ቀለል ያለ ቀኖና ሰጥተው ያሰናብቱኛል። ዛሬ ግን ከባዱን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ላውጣው። በአማርኛ የምጽፈውም ከበደልኳቸው ሁለት ሴቶች የአንዷ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ነው። ማንበብ አትችልም። ቢሆንም አንድ ቀን የሚያነብላት አይጠፋ ይሆናል።

መቐለ ተወልጄ አድጌ፣ እዚሁ መቐለ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ትምህርት አስተምራለሁ። ከዓመታት በፊት ብሎክቼን የሚባለውን ነገር ለተማሪዎች የማስተምር የመጀመሪያው ሰው ሆንኩ፤ ቢያንስ በግቢያችን። ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። መዝገቡ በአንድ ሹም መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍም፤ በሁሉም ሰው ዘንድ እኩል ቅጂ ይኖራል፤ አንዴ የገባውን ማንም ለብቻው ሊፍቀው አይችልም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ደግሞ አንድ ማኅበረሰብ ሊቀመንበር ሳያስፈልገው ራሱን ያስተዳድራል። ሐሳብ ያለው ሐሳብ ያቀርባል፣ ሁሉም ድምፅ ይሰጣል፣ የተወሰነው ይጸናል። ለአንዲት ማኅተም ሦስት ቢሮ ሲንከራተቱ ላደጉ ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሳስተምር አፌ ይጣፍጥ ነበር። «እዚህ መዝገብ ላይ ማንም ከማንም አይበልጥም፤ እኔም ብሆን» እል ነበር። እኔም ብሆን። ይህችን ቃል ስንቴ እንዳልኳት!

ትምህርቱ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ዓዲ ሓቂ ያለ አንድ የኪራይ ግቢ ለልምምድ መረጥን። ግቢው ውስጥ ሃያ ተማሪዎቼ ተከራይተው ይኖራሉ። ያላቸው አንድ ሮቶ ነው፤ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶው ሲጎድል ጭቅጭቁ ይጀመራል። ስለዚህ ከእንግዲህ የሮቶው ውሃ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚወሰነው መዝገቡ ላይ በሚሰጥ ድምፅ ይሁን ተባባልን። ከሃያው ቢያንስ አሥራ አራቱ ድምፅ ካልሰጡ የቀረበው ሐሳብ ይወድቃል፤ ከሰጡ ግን የሚበዛው ወገን ያለው ይጸናል። ድምፅ የሰጠው ሁሉ ስሙ ለሁሉም ይታያል። ይህን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ዘሃራ ትኖር ነበር። ከወሎ የመጣች፣ የተማሪዎችን ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት ናት። ልጆቹ አደይ ዘሃራ ነበር የሚሏት፤ እናቴ እንደማለት። ከሃያዎቹ ውስጥ ግን አልነበረችም። ኤልሳ የምትባል ተማሪዬ «መምህር፣ አደይ ዘሃራስ? እሷም'ኮ ከሮቶው ነው የምትቀዳው» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ኤልሳ ታይፎይድ ይዟት የተኛች ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንሶላዋን እያጠበች፣ አጥሚት እያጠጣች ያስታመመቻት ዘሃራ ናት፤ ልጄ ነው የምትላት። እኔ ግን ዘሃራ ስማርት ስልክ ስለሌላት በሚቀጥለው ሴሚስተር እናስገባታለን አልኩ። ማንም ከማንም አይበልጥም ባይ ነኝ እንግዲህ!

እያንዳንዱ ተማሪ አሥራ ሁለት የሚስጥር ቃላት አሉት። ቃላቱን የያዘ ሰው በባለቤቱ ስም ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ስለዚህ ለእናታችሁም እንዳታሳዩ ብዬ አስተምሬያለሁ። በሳምንቱ ምን ሆነ? ከክፍል ስወጣ ኤልሳና ሌሎች አራት ተማሪዎች ወረቀት አጣጥፈው ጠበቁኝ። «መምህር፣ አንድ ቅጂ እርስዎ ጋር ይቀመጥልን። እኔ'ኮ መታወቂያዬን ሦስቴ የጣልኩ ሰው ነኝ» አለች ኤልሳ እየሳቀች። በእኛ አገር አደራ ለመምህር ይሰጣል፤ መምህርን መጠርጠር ነውር ነው። ያኔ «አይሆንም፣ ያስተማርኩትን አፈረሳችሁት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። አምስቱን ወረቀት ተቀብዬ ቢሮዬ ቆለፍኩበት። ሹም የሌለበትን ሥርዓት አስተምሬ ሳበቃ ራሴ ሹም ሆኜ ወጣሁ ማለት ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ትምህርቱን የሚመረምሩ እንግዶች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተነገረኝ። ሥራ ላይ የዋለ ነገር ካዩ ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ካላዩ ይታጠፋል። እኔ ደግሞ የማሳየው አልነበረኝም። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ሲኖር ፈተና ነው፤ እስከዚያ ቀን ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱም አሥራ አራት ድምፅ ሞልቶለት አያውቅም። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ክፍት የነበረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰው ድምፅ ሰጥቶበታል፤ ስድስቱ ተስማምተዋል፣ ሦስቱ አልተስማሙም። አምስት ድምፅ ይጎድለዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መብራት መጣ። የቢሮዬን በር ዘጋሁ። አምስቱን ወረቀቶች አወጣሁ። በአምስት ልጆች ስም እየገባሁ አምስት ጊዜ «እስማማለሁ» የሚለውን ነካሁ። ሦስተኛዋ ኤልሳ ነበረች፤ አባቷ ታመውባት ያን ሳምንት ዓዲግራት ሄዳለች። ሐሳቡ ምን እንደሚል እንኳ ሳላነብ ነው ያደረግሁት።

አይደለም። ይኸው፣ እዚህም እየዋሸሁ ነው። አንብቤዋለሁ። «በሮቶው ውሃ የሰው ልብስ እያጠቡ መተዳደር ይከልከል» ነው የሚለው። ያቀረበው ውሃው ቶሎ እያለቀ ያማረረው አንድ ተማሪ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ስለ ዘሃራ እንደሆነ አውቄያለሁ። ኤልሳ ወደ ዓዲግራት ከመሄዷ በፊት ክፍል ውስጥ ተነሥታ አጥብቃ እንደተቃወመችውም አውቄያለሁ። ታዲያ ለምን «አልስማማም» አላልኩም? አምስት ድምፅ በእጄ ነበር፤ ዘሃራን ማዳን እችል ነበር። ግን ሐሳቡ ቢወድቅ ምን አሳያለሁ? ግቢው ውስጥ የተለወጠ ነገር አይኖርም። ቢጸድቅ ግን ለእንግዶቹ «ይኸው፣ ልጆቹ ራሳቸው ወስነው ሥራ ላይ አዋሉት» እላለሁ። ይህን አስቤ ነው የነካሁት። ተሳስቼ አይደለም፣ ተገድጄም አይደለም።

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ተደሰቱ። አንደኛው እጄን ጨብጦ አልለቅ አለኝ። ትምህርቱ ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን የኮሌጁ ጥበቃ ሰው ይፈልግሃል ብሎ ጠራኝ። ዘሃራ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር፤ በሳሙና የተላላጠ እጇን ሻርፗ ውስጥ ደብቃዋለች። ልጆቹ ከልክለዋታል። ውሳኔውን መምህርም ቢሆን ሊሽረው አይችልም ብለዋታል። እውነታቸውን ነው፤ ያስተማርኳቸውን ነው የነገሯት። እሷ ግን ለመለመን አልነበረም የመጣችው። «መምህር፣ የሁሉም ስም ይታያል አሉኝ። እስቲ ያንብቡልኝ፣ ማን ማን እንደጠላኝ ልወቅ» አለችኝ። ስልኬን አወጣሁና አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። የኤልሳን ስም መዝለል እችል ነበር። አልዘለልኩም፤ ኋላ ሌላ ሰው ቢያነብላትና ብያዝስ ብዬ ፈራሁ።

«ኤልሳ? የኔዋ ኤልሳ?»

«አዎ» አልኳት።

አዎ አልኳት! ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ ፊት ለፊቷ ቆሜ አዎ አልኳት። «ወላሂ፣ እሷ ካለችማ እኔ ነኝ ያበዛሁት» አለች። አልተቆጣችም። ምነው በሰደበችኝ ኖሮ። በሳምንቱ ክፍሏን ለቅቃ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ቁሓ ሄደች።

ኤልሳ ከዓዲግራት ስትመለስ የዘሃራ ክፍል ተዘግቶ አገኘች። አጠያይቃ ቁሓ ድረስ ሄደች። ዘሃራ ወንበር አቀረበችላት፣ ስለ አባቷ ጤና ጠየቀቻት፤ ልጄ ግን አላለቻትም። እርስዎ አለቻት። ኤልሳ ቢሮዬ መጥታ ይህን ነገረችኝ። «መምህር፣ እኔ ድምፅ አልሰጠሁም። በኔ ስም ሌላ ሰው መስጠት ይችላል እንዴ?» አለችኝ።

ከሁሉ የከፋው እዚህ ላይ ነው። የዘሃራው ድንገት ነው የመጣብኝ ልል እችላለሁ። ለኤልሳ ግን የማስብበት ጊዜ ነበረኝ። ቃላቱን ያገኘ ሰው ካለ ይችላል አልኳት። የራሷን ቅጂ የት እንዳስቀመጠችው ጠየቅኳት። ደብተሯ ውስጥ እንደሆነ፣ ደብተሯን ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚዋሳት ነገረችኝ። ጥንቃቄ ይጎድልሻል፣ ስንቴ ነግሬያችኋለሁ ብዬ ተቆጣኋት። ተቆጣኋት! ለእኔ የሰጠችኝ ወረቀት ከወንበሬ አንድ ክንድ በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እሷ እንባዋን ጠርጋ «ልክ ነዎት» ብላኝ ወጣች። እኔ ጋ መቀመጡን ሳትረሳው፣ እኔን ለመጠርጠር ግን አንዴም ሳይመጣባት ወጣች። ሌሎቹ አራቱ ከቁም ነገርም አልቆጠሩት፤ ሳናውቅ ነክተን ይሆናል ብለው ተዉት።

ያን ቀን ሳልናገር ቀረሁና በሩ ተዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ በየት ልውጣ? መዝገቡን ልፋቀው ብል አይፋቅም፤ እንዳይፋቅ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ውሳኔውን በሌላ ድምፅ ላስሽረው ብል አሥራ አራት ሰው አይሞላም፤ የሚሞላው እኔ ስሞላው ብቻ ነው። እውነቱን ልናገር ብል ለምን ያኔ አልተናገርክም የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ጥያቄው በየዓመቱ ይከብዳል። ተማሪዎቼስ? በአንድ መምህር ጥፋት ትምህርቱን ሁሉ ውሸት ነው ብለው ይተዉታል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ለእነሱ አስቤ ነው? ለስሜ ነው የፈራሁት። አዲስ አበባ ስሄድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መንገድ በቁሓ በኩል ነው፤ ታክሲ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አውሮፕላን ጆሮዬን ያመኛል እያልኩ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። ይህን ጽሑፍ እንኳ ስማቸውን ቀይሬ ነው የጻፍኩት፤ ቢነበብላትም ስለ እሷ እንደሆነ ላታውቅ ትችላለች።

ይባስ ብሎ ኤልሳ በማዕረግ ተመረቀችና ኮሌጁ ረዳት መምህርት አድርጎ አስቀራት። አሁን የተግባር ክፍለ ጊዜውን የምትሰጠው እሷ ናት። ለአዲስ ተማሪዎች የምናሳየው የተሟላ ውሳኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ያ አንዱ ብቻ ነው። በየዓመቱ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይበራል፤ ኤልሳም ወደ ስሟ ትጠቁምና ታሪኩን ትናገራለች። ይህ ስም የኔ ነው ትላቸዋለች። ድምፁን ግን እኔ አልሰጠሁም፤ ቃላቴን በግዴለሽነት ጥዬ ሌላ ሰው አገኛቸው፤ በኔ ግዴለሽነት አንዲት እናት ከቤቷ ወጣች፤ እናንተ እንደኔ አትሁኑ ትላቸዋለች። እኔ ያልተናዘዝኩትን እሷ በየዓመቱ ትናዘዝልኛለች። ኮርሱ የእኔ ስለሆነ መቅረት አልችልም፤ ፊት ለፊት ተቀምጬ እሰማለሁ።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ቃላቱን ሌላ ሰው ጋር አስቀምጠው ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኤልሳ ወደ እኔ ዞር ብላ ፈገግ አለች።

«መምህር ጋር ብቻ» አለች። «ስለዚህ ጥፋቱ ከኔ ሌላ የማንም ሊሆን አይችልም።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ልክ ነሽ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ።

ከክፍል ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆመች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል። ዓመት በዓመት ስናገረው ይቀለኛል ብዬ ነበር፣ አልቀለለኝም አለችኝ። ቁሓ ሁለቴ ሄዳ ዘሃራን ይቅርታ ጠይቃታለች፤ ዘሃራ ይሁን ብላ ሸኝታታለች፤ ልጄ ግን እስከ ዛሬ አላለቻትም። በረንዳው ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። የሚያስቸኩለን ነገርም አልነበረም። መናገር ካለብኝ ጊዜው ያ ነበር፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «በቃ ኤልሳ፣ ራስሽን አታሠቃዪ። እኔ እንደሆንኩ ያን ጊዜውኑ ይቅር ብዬሻለሁ» የሚል ነው።

ያደረግሁትን አስተዋላችሁ? እኔ በሠራሁት ኃጢአት እሷን ይቅር አልኳት። እሷም እጄን በሁለት እጇ ይዛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መምህር» አለችኝ። ምስጋናዋን ተቀበልኩ። ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የምለምንበት አፍ የለኝም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ሄጄ እነግራታለሁ ብዬም አልምልም፤ እንዲህ ብዬ ስንት ጊዜ ምያለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አብረን ክፍል አለን።