እድሩ የተሸከመው ቤት

በጣሊያን ጊዜ ከቤት መፈናቀልና ከከተማ መባረር ያዳኑን ሰዎች ሥራቸው ሰው መቅበር ነበር።

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ኦሎምፒያ አካባቢ ለድሃ በነጻ ጥብቅና የሚቆም ቢሮ ማግኘቷን በኩራት ነገረችኝ። "እማማ፣ የቤት ጉዳይ በይ፣ የመታወቂያ በይ፣ የስደተኛ በይ፣ ለሁሉም ይረዳሉ፤ ክፍያ የለም በቃ!" አለችኝ። እሰየው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ግን ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አስመስላ ስታወራልኝ ትንሽ ደሜ ፈላ። እኛም ነበረን እኮ! የእኛው እድር ቢሮ የለውም እንጂ፤ ያለው አንድ ጡሩምባ፣ አንድ ድንኳንና ቃሬዛ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ እኔም እዚህ ተቀምጬ በልጅ ልጄ አልናደድም ነበር።

ቤታችን ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው ከፍታ ላይ ነበር። ያኔ ስሙም ሕንፃውም የለም፤ ባሕር ዛፍና እዚህም እዚያም የተበተነ የሣር ጎጆ ነው። ጎጆዋን የሠራት አባቴ ነው። ምሰሶውን ራሱ ጠርቦ፣ ሣሩን ራሱ ከድኖ፣ ሠርቶ ሲጨርስ ዙሪያዋን እየዞረ እንደ ሙሽራ ያያት እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር። በየካቲቱ ዕልቂት ዕለት ጠዋት ከቤት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ሬሳውን ያየ የለም። መሞቱን ደፍሮ የነገረንም የለም፤ ግን ከእናቴ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።

እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። ማንም ይጠይቃት፣ መልሷ አንድ ነው፤ "መንገድ ሄዷል፤ ይመጣል።" እኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። እሷ ይመጣል ካለች ይመጣል ነው፣ ሌላ ምን አውቃለሁ?

አንድ ቀን ነጮቹ በሦስት እግር የሚቆም መነጽራቸውን ተክለው ጓሯችንን ሲለኩ ዋሉ። በማግሥቱ በራችን ላይ በኖራ ምልክት ተደረገበት። ለሹሞቻቸው ቤት ሊሠሩበት ነው። ትእዛዙን ያመጣልን አስተርጓሚ የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ ኮት ከለበሰ ወዲህ ግን ሰላምታችንም ይከብደው ጀምሯል። "እስከ ሰኞ ትለቃላችሁ" አለ። "በቂርቆስ በኩል፣ ለአበሻ በተፈቀደው መሬት ላይ ቤት ያቆመና ዋስ ያቀረበ፣ የመኖሪያ ወረቀት ይሰጠዋል። ይህ የሌለው በካሚዮን ተጭኖ ወደ መጣበት አገር ይመለሳል።"

የመጣንበት አገር ቡልጋ ነው። የእናቴ መንደር አርበኛ አብልታችኋል ተብሎ ተቃጥሏል። የሚጠብቀን አመድ ነው፤ ከአመዱም በፊት መንገዱ ይፈጀናል። ሰውዬው ይህን የማያውቅ ይመስል "ባልሽስ የት ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"መንገድ ሄዷል።"

"የት መንገድ?"

"ምን አገባህ አንተ!"

እንዲህ መመለሷ ምን እንደሚያመጣ እኔ አልገባኝም፤ በኋላ ነው የገባኝ። ያለ ይለፍ ከከተማ የጠፋ ባል በነሱ ዓይን ሽፍታ ነው። የሽፍታ ሚስት ደግሞ ዋስ አታገኝም።

እናቴ እጄን ይዛ በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ሄደች። ዳኛው ከጉራጌ አገር መጥተው የከበሩ ሙስሊም ቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚፈራቸው፣ ሲቀልዱ እንኳ ፊታቸው የማይፈታ ሰው። አጠገባቸው በቀድሞው ችሎት ጠበቃ የነበሩ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጣሊያን ችሎቱን ዘጋባቸው እንጂ አፋቸውን ማን ይዝጋው! ለእንደምን አደራችሁም ቢሆን መግቢያና መደምደሚያ ነበራቸው።

"አባቴ፣ ቤቴን ሊያፈርሱብኝ ነው። እድሩ ይርዳኝ" አለች እናቴ።

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። "ልጄ፣ አላህ ያውቃል፣ ልቤ ይደማል። ግን የእድር ደንብ የሚያውቀው ሞትን ነው። ለሌላ ነገር ሰው ብንሰበስብ ደግሞ ይኸው ታውቂያለሽ፣ ከቀብር በቀር መሰብሰብ ተከልክሏል። ሁሉንም አሳስራለሁ።"

እናቴ ቱግ አለች። "እንግዲያው እንድትረዱኝ ልሙትላችሁ?"

ይሄኔ ጠበቃው ብድግ አሉ። ሸማቸውን አደገደጉ፣ በትራቸውን አጠበቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዛሬ ደግሞ ስንት ሰዓት ሊያወሩብን ነው ብዬ እኔ ልቤ ተቃጠለ።

"ዳኛ ሆይ! ይህች ሴት እንድትረዳ መሞት የለባትም፤ የሞተባት አላት። ባሏ አባላችን ነበር። የስንቱን ሬሳ በዝናብ በጭቃ ተሸክሟል! የሱን ማን ተሸከመ? ጡሩምባ አልተነፋለት፣ ድንኳን አልተጣለለት፣ እድሩ ትከሻ አልሰጠውም። ሬሳው ባይገኝ በእጁ የሠራው ቤት አለ። በሬሳው ፈንታ ቤቱን ተሸክመን ቂርቆስ እናድርስለት!"

ዳኛው ጢማቸውን ዳበሱ። ጎጆ ነቅሎ በትከሻ ማሻገር በገጠር ያለ ነገር ነው፤ ማንም ያውቀዋል። እንደ ቀብር አድርጎ ማሻገር ግን ሰምተውት አያውቁም። "ሙግቱ ይረታል" አሉ በመጨረሻ። "ቦታ ቢሆን፣ ቂርቆስ ካለው ጓሮዬ ቆርሼ እሰጣለሁ። ዋስም እኔው እሆናለሁ። ግን ጡሩምባ የሚነፋው የሟቹ ቤተሰብ መሞቱን ሲናገር ነው። በውሸት ሞት አላስነፋም።"

ሁሉም እናቴን አዩዋት።

"ይመጣል" አለች። "ቤቱን ከቦታው ካነሳችሁትስ፣ ሲመጣ የት ብሎ ያገኘናል?" እጄን ጎትታ ወጣች።

ያን ሰሞን እንደ እብድ አደረጋት። ቤቱን ትጠርጋለች፣ የጠረገችውን ትጠርጋለች። እኔ ስናገር ትቆጣለች፣ ዝም ስል "ምነው ዘጋሽ?" ትለኛለች። ቅዳሜ ዕለት ካሚዮኑ መጥቶ ከጎናችን ያሉትን ጎረቤቶች ጫነ። ሴትየዋ ድስቷን በእቅፏ ይዛ ላዩ ላይ ተቀምጣለች፤ የት እንደሚወስዷቸው እንኳ አልነገሯቸውም። ካሚዮኑ ዞሮ እስኪጠፋ እናቴ በር ላይ ቆማ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ለበሰችና "ነይ" አለችኝ።

ዳኛው ቤት ደርሳ ቃሉ ከአፏ አልወጣ አለ። ቆመች ብቻ። እኔ ፈርቼ ቀሚሷን ይዣለሁ። ዳኛው እንድትቀመጥ አደረጉና በዝግታ "ልጄ፣ እሱ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህችን ልጁን ሳያይ ይቀመጥ ነበር?" አሏት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ብዙ አየችኝ።

"አይቀመጥም ነበር" አለች።

ዳኛው ሞተ በይ ብለው አላስጨነቋትም። ይበቃል በሚል ዓይነት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቦታ ሰጥተውናል፣ ዋስ ሆነውናል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሁሉ አስበልጬ የማመሰግናቸው ያኔ ስላልጠየቋት ነው። ነፍሳቸውን በጀነት ያኑርልኝ።

እሑድ ጠዋት ጡሩምባው ተነፋ። አባቴ ስም ያለው ሰው ነበርና ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ነገሩን ያልሰሙት እንደ ደንቡ ቃሬዛ ይዘው ደረሱ፤ አንዱ "አስከሬኑን የት አስተኛችሁት?" ብሎ እየዞረ ይፈልግ ነበር። ጠበቃው ወደ ጣራው ቢያመለክቱት ሰውዬው አብደዋል ብሎ ወደ ኋላ አለ። ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩት። አልቃሿ አባቴን ስታነሳሳ፣ ሰው ሲሞትበት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ እንደነበረ፣ የራሱ ቀን ግን ደራሽ አጥቶ እንደቀረ ስትናገር፣ ወንዶቹ ጭቃውን እየደረመሱ፣ ቋሚውን ከሥሩ እየቆፈሩ ያለቅሱ ነበር። እንባና ጭቃ በአንድ ፊት።

ጣራው እንዳለ ተነሳ። ከሥሩ የሰው እግር ብቻ ነው የሚታየው፤ ከሩቅ ላየው እግር ያወጣ የድርቆሽ ክምር ይመስላል። እንደ ሬሳ ነው የያዙት፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ገብቶ ትከሻ ይቀይረዋል፣ ማንም ግባ አይባልም። ክርስቲያኑ "አቤቱ መሐረነ" ይላል፣ እስላሙ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ይላል፤ አንዱ ለሌላው ፋታ እየሰጠ። እናቴ ከኋላ ትከተላለች። አታለቅስም። ዓይኗን ከጣራው ላይ አልነቀለችም።

ቁልቁለቱ ላይ ካራቢኔር የሚሉት የጣሊያን ፖሊስ አስቆመን። አጠገቡ ያ አስተርጓሚ አለ። "ሬሳው የታለ?" አለን። ጠበቃው ምን ሲሉ ይህን ጥያቄ ይለፉት! ወደ ፊት ወጥተው ከአዳም ሞት ጀመሩ፤ ሰው ያለ ቤት ሬሳ ነው፣ ቤትም ያለ ሰው ሬሳ ነው አሉ፤ ግጥም አስገቡበት። እዚያ ጣራ ሥር የሰው ትከሻ እየተቆረጠ ነው! "ኧረ ባክዎ ያሳጥሩት!" የሚል ድምፅ ከሣሩ ሥር ወጣ። በኋላ እንደሰማነው፣ አስተርጓሚው ያን ሁሉ ንግግር "የሟች ቤት ነው" ብሎ በሦስት ቃል ጨረሰው። ካራቢኔሩ ጣራውን አየ፣ እናቴን አየ፣ ግራ ገባው፤ ባርኔጣውን አውልቆ መንገድ ለቀቀ።

ቂርቆስ ስንደርስ አዲሱ ቋሚ ተተክሎ ይጠብቀን ነበር። ጣራው ላዩ ላይ ተቀመጠ። ሴቶች ጭቃ እየረገጡ መረጉት፣ ድንኳኑም በሩ ላይ ተጣለ፤ ለቅሶ ነውና ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ሰኞ ዕለት ወረቀት የሚሰጠው የጣሊያን ሹምና አስተርጓሚው ሲመጡ እድርተኛው ሁሉ እንደ ደንቡ መሬት ላይ ተቀምጧል።

ቤቱን አሳዩ ተባለ፤ አሳየን። ዋስ ተባለ፤ ዳኛው ተነሱ። ጠበቃውም ሊነሱ ሲሉ ዳኛው "አንተ ቁጭ በል!" አሏቸው። አስተርጓሚው ቀጥሎ ወደ እናቴ ዞረ።

"ባልሽ የት ነው?"

እኔ አፏን አፏን አየሁ። መንገድ ሄዷል ካለች ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ ቤቱም፣ ዋሱም፣ የሰው ድካሙም። እናቴ ወደተቀመጡት ሰዎች ዘወር አለች።

"ሞቷል" አለች። "እነዚህ ቀበሩልኝ።"

ከዚያ ጮኸች። ያን የመሰለ ጩኸት ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ሴቶቹ ደርሰው ያዟት። አስተርጓሚው ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ፤ ቀስ ብሎም ለሹሙ በቋንቋቸው ብዙ ተናገረለት፣ እሷ ካለችው በጣም የሚበልጥ። ምን እንዳለው አላውቅም፤ ግን ላመሰግነው ከሚገባኝ አንዱ እሱ ነው፣ ሳልወድ በግዴ። ሹሙ ወረቀቷን ፈርሞ ሰጣት።

እናቴ ወረቀቱን ሳታየው ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳች፤ ከዳኛው ጀምራ በየተራ እየዞረች፣ የሣሩ ብናኝ ገና ያልተራገፈውን የእያንዳንዱን ሰው ትከሻ ሳመች።