የፎቶ ቤቴ ቀለበት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጣችና መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ቀለበት አየችው። አነሳችው፣ ገለባበጠችው፣ ውስጡ የተቀረጸውን 925 አነበበች። «ጋሼ፣ ይሄኮ እውነተኛ ብር ነው። ድንጋዮቹ አርቴፊሻል ቢሆኑም የድሮ ዕቃ፣ ቪንቴጅ ነው፣ ይሽጡልኝ» አለችኝ። እኔ ያንን ቁጥር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የንጉሥ ግምጃ ቤት ቁጥር ነው እያልኩ ጉራዬን ስቸረችር ኖሬ፣ በአንዲት ልጅ ፈረሰብኝ። አይሸጥም አልኳት። ለምን እንደማይሸጥ ግን አልነገርኳትም።

ያኔ ሀዋሳ የብስክሌት ከተማ ነበረች፣ እኔ ደግሞ የፎቶ ንጉሥ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ ካሜራ ስፈታና ስገጥም ነው የተማርኩት። ከእኔ የሚበልጥ ፎቶ አንሺ ቢኖር ኖሮ እኔው ራሴ እሱ ጋ ሄጄ እነሳ ነበር። ለደንበኛ የማውሰው ኮት፣ ከረባት፣ ጥቁር መነጽርና ይሄ ቀለበት ነበረኝ። መሃሉ ላይ ያለው ቀይ ድንጋይ ባቄላ ያክላል፣ ዙሪያውን ያሉት ትንንሾቹ አረንጓዴ ናቸው። ከቱላ በጋሪ የመጣ ገበሬ እሱን አጥልቆ፣ እጁን አገጩ ላይ አስደግፎ፣ ባለጸጋ ሆኖ ይወጣል።

ከጎኔ ልብስ ሰፊ ቤት የምትሠራ ታደለች የምትባል ልጅ ነበረች። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ስላለች ጌጥ የሚባል ነገር አታደርግም። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ በብስክሌት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ የተጠበሰ ዓሳ በጋዜጣ ጠቅልዬ አመጣለሁ፣ እሷ ከቤቷ ቆጮና ዳጣ ታመጣለች። ዳጣው እያስለቀሰን እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትስቃለች። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበርን። ሳቋን ስሰማ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስለኝ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር አንድ ጠዋት ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ዲላ ያለ አንድ ሰው ሊያገባት እንደሚፈልግ፣ ቤተሰቦቹ አስቀድመው ፎቶዋን እንደጠየቁ፣ አክስቷ እሁድ ይዛላቸው እንደምትሄድ ነገረችኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረችኝ፤ ዓይኗ ግን ከፊቴ አልተነሳም።

 ግን እኔ ብልጥ ነኝ፣ ወዲያው ዘዴ መጣልኝ። ለፎቶ ብቻ ነው ብዬ አግባባኋትና ቀለበቱን በግራ እጇ፣ የጋብቻ ቀለበት በሚደረግበት ጣት ላይ አጠለቅኩላት። የዲላ ሰዎች ሲያዩት ታጭታለች ብለው ይተዋታል፤ እኔም አንድ ቃል ሳልተነፍስ እገላገላለሁ። እጇን ጉንጯ ላይ አስደግፌ፣ መብራቱን አስተካክዬ ካሜራዬ ጋ ተመለስኩ።

ቀለበቱን አየችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ማቴዎስ፣ እዚህ ጣት ላይ ያደረግከው አውቀህ ነው?»

ለሀዋሳ ሰው ሁሉ ምላስ የማበድረው ሰውዬ፣ የተስተካከለውን መብራት እንደገና ማስተካከል ጀመርኩ። አዎ ማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

«ሌሎቹ ጣቶችሽ ቀጫጭን ናቸው፣ ይወልቅብሻል» አልኳት።

«እስቲ ዛሬ እንኳ ከምርህ አውራኝ።»

እኔ ሌላ ቀልድ ጨመርኩ። ምን እንደነበረ ዛሬ አላስታውሰውም። እሷ ግን አልሳቀችም። ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ በቃ እንዲሁ አንሳኝ አለችኝ። አነሳኋት። እንደዚያ ያለ ፎቶ በዕድሜዬ አንስቼ አላውቅም፣ ይሄ ጉራ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ከዲላ ሽማግሌ መጣላት። ሰርጓንም ያነሳሁት እኔው ነኝ፤ ሚዜዎቹን ሆዳቸውን እስኪያማቸው አሳቅኳቸው።

አሁን ሰው ሁሉ በስልኩ ይነሳል፤ እኔ ጋ የሚመጣው ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ብቻ ነው። ባጃጁን ደጅ አስቁመው፣ ጋሼ ቶሎ ይበሉ ይሉኛል። አንዳንዴ ግን አንዷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ዝም ስትል፣ ዓይኗ ውስጥ ያልተነገረ ነገር ያለ ሲመስለኝ፣ ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ እጠብቃለሁ። የምትለው ካላት ብዬ።

«ጋሼ፣ ካሜራው ተበላሸ እንዴ?» ትለኛለች።

አልተበላሸም እላታለሁ። ቀልድ አልጨምርበትም።